ዋኒታ እግሯን ያነሳችበት ቀን

ዋኒታ ስታግስ ሃያ ሰባት ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታለች። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከመንገድ የወጣችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በበረዶ ቀን፣ መሃል መንገድ ላይ የቆመች የሰው ላም ላለመግጨት ብላ። አውቶቡሱ ቦይ ውስጥ ተጋድሞ ሳለ ልጆቹን በኋላ በር አንድ በአንድ አወረደች፤ ስም እየጠራች ቆጠረች፤ ቆጥራ ስትጨርስ ነው እጇ መንቀጥቀጥ የጀመረው ይላሉ። እኔ እዚያ አልነበርኩም። እኔ የማውቃት ቅዳሜ ቅዳሜ ነው።

የእኛ የሽቅድምድም ጎዳና ሃክቤሪ ይባላል። በደቡብ ኢንዲያና፣ በበቆሎ ማሳ መሃል የተነጠፈ ቀጥ ያለ አስፋልት ነው፤ ሩብ ማይል ለመሮጫ፣ ከዚያ የሚበልጥ ደግሞ ለመቆሚያ። እኔ ሰልፍ አስያዥ ነኝ። መኪኖቹን ሁለት ሁለት እያደረግሁ ወደ መነሻው እለቃለሁ፤ መስታወታቸው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከዳኛው ማማ ከሚመጣልኝ ወረቀት ጋር አመሳክራለሁ። አርባ አንድ ዓመት ሠርቼዋለሁ። ቁጥር ድሮም አውቅ ነበር፤ ፊደል ግን ራሴን ያስተማርኩት ሃምሳ ካለፈኝ በኋላ፣ በእነዚያው ወረቀቶች ላይ ነው።

ቁጥሩ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። እኛ ዘንድ ፈጣን መኪና ስላለው ብቻ የሚያሸንፍ የለም። እያንዳንዱ ሰው መኪናው ሩብ ማይሉን በስንት ሰከንድ እንደሚጨርስ አስቀድሞ ይናገራል፤ ቁጥሩን በነጭ የጫማ ቀለም መስታወቱ ላይ ይጽፋል። ዘገምተኛው ቀድሞ ይለቀቃል፤ ፈጣኑ በልዩነቱ ልክ ይጠብቃል። ሁለቱም ቃላቸውን ቢጠብቁ መጨረሻው ላይ እኩል ይደርሱ ነበር። ካልከው ቁጥር ከዘገየህ ትቀደማለህ። ካልከው ቁጥር ከፈጠንህ ደግሞ፣ ቀድመህ ብትገባም ተሸንፈሃል። ዋሽተሃላ። መኪና ደግሞ በሙቀት ይደክማል፣ በብርድ ይነቃል፤ የጠዋቱ ቁጥር ለከሰዓት፣ የከሰዓቱም ለምሽት አይሆንም።

የዋኒታ ባል ቨርሊን ይህን ቁጥር በመናገር በሃክቤሪ የሚስተካከለው አልነበረም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ተወዳድሯል። ሰማያዊ መኪናውን ከሦስት የወደቁ መኪኖች ገጣጥሞ የሠራት ራሱ ነው። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ይወርድና እጅጌውን ከክርኑ በላይ ይጠቀልላል፤ ሁለት ክንዱን ራቁታቸውን ወደ ላይ ይዘረጋል፤ ጥቂት ይቆማል። ከዚያ "ዘጠና አንድ" ይላል፤ አስራ አንድ ሰከንድ ከዘጠና አንድ መቶኛ ማለቱ ነው፣ እኛ ዘንድ ሰከንዱ ተትቶ መቶኛው ብቻ ነው የሚጠራው። ዘጠና አንድ ይሆናል። ሌሎቹ የሙቀት መለኪያ፣ የእርጥበት መለኪያ፣ በኋላም ስልክ ይዘው ሲመጡ እሱ ክንዱን ይዞ ይመጣ ነበር።

ይህ ሁሉ ሆኖ ለመጨረሻው ዙር የደረሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል ሆኖታል። ተጋጣሚው መነሻው ላይ ሞተሩ ጠፍቶበት ቀረ፤ ቨርሊን ብቻውን ነው የሚበረው። እግሩን ከነዳጁ ትንሽ ቢያነሳ፣ ቀስ ብሎ ቢገባ ዋንጫው የእሱ ነበር። አላነሳም። አስራ አንድ ከዘጠና ብሎ ጽፎ በአስራ አንድ ከሰማንያ ስምንት ገባ። በሁለት መቶኛ ሰከንድ ፈጥኖ ተሸነፈ፤ ዋንጫውን ሞተሩ ለጠፋው ሰውዬ ሰጡት።

"ለምን አላነሳህም?" አልኩት።

"እግሬን ያነሳሁ ቀን ቅበሩኝ" አለኝ።

ከዚያ የስኳር በሽታው መጣ። መጀመሪያ ዓይኑን ጋረደው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ጨርሶ ወሰደው። ሰማያዊዋን መኪና ለአንድ የኬንታኪ ሰው ሸጣት። ተጎታቹ ላይ ስትወጣ ቆሞ ሞተሯን አዳመጠ፤ ድምፁ ከራቀ በኋላ ቤት ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሁለት በጋ ከዚያ ወንበር አልተነሳም ብል ብዙ አላጋነንኩም። ነፋሱ ከእኛ በኩል ሲነፍስ የመኪኖቹ ድምፅ ቤታቸው ድረስ ይሰማል። ያኔ፣ "መስኮቱን ዝጊልኝ" ይላታል።

"መስኮቱን ዝጊ ሲለኝ ነው የቆረጥኩት" አለችኝ ዋኒታ በኋላ።

በሚያዝያ ወር አንድ ማክሰኞ ልጆቹን አድርሳ፣ አውቶቡሱን አቁማ ወደ ከተማ ሄደችና ብርማ ኮርቬት የስፖርት መኪና ይዛ ተመለሰች። አዲስ አይደለችም፤ ግን አንድ ብሎን ያልተነካባት፣ ከፋብሪካ እንደወጣች ያለች ናት። አራት መቶ የፈረስ ጉልበት፣ የቆዳ ወንበር፣ ሬዲዮ፣ ማቀዝቀዣ። ዋኒታ ያኔ ስድሳ አንድ ዓመቷ ነበር። ቨርሊንን እጁን ይዛ አወጣችው፤ እሱም ከኮፈኑ ጀምሮ ዙሪያዋን ዳሰሳት።

"ማን ነው የሠራት?"

"ማንም አልነካትም። እንዳለች ናት።"

"እንግዲያው የሱቅ ዕቃ ናት። እኔ ምን ላድርግላት?"

"እኔ እነዳለሁ፣ አንተ ቁጥሩን ትነግረኛለህ።"

"አንቺ? አንቺ እኮ የምትነጂው አውቶቡስ ነው።"

"ስድሳ ልጅ ከኋላህ እየጮኸ በበረዶ ላይ ነድተህ ታውቃለህ?"

እሺ ለማለት ሦስት ሳምንት ፈጀበት። እሺ ሲልም ቃል አስገብቷት ነው። "ያልኩሽን ትጽፊያለሽ። አንዲት አትጨምሪም፣ አንዲት አትቀንሺም። የሌላ ቁጥር የጻፍሽ ቀን እኔ ቤቴ እቀመጣለሁ፤ ዳግመኛ አታወጭኝም።"

"ከአፍህ የወጣውን እጽፋለሁ" አለችው።

ላታልለው ብትልም አትችልም። ማማው ላይ የሚቀመጠው ክሌተስ መኪኖቹ መነሻው ላይ ሲቆሙ የሁለቱንም ቁጥር በድምፅ ማጉያ ያነባል፤ አገሩ ሁሉ ይሰማል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሰልፌ ውስጥ ስትገባ የነበረውን ሳቅ አልረሳም። እኛ ጋ የሚመጡት መኪኖች አብዛኞቹ የባለቤታቸው እጅ ሥራ ናቸው፤ በር የሌላቸው፣ ኮፈናቸው የተቦረቦረ፣ ወንበራቸው የታሰረ። ከዚያ መሃል ዋኒታ የምታብረቀርቅ መኪናዋን ይዛ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ቆመች። ከጎኗ የነበረው ዌንደል ፕሩት ነው፤ አሳማ አርቢ፣ የአባቱን ዝገታም ቀይ ፒክአፕ የሚነዳ።

"ሚስ ዋኒታ፣ ልጆቹን የት አወረድሻቸው?" አላት፤ የልጅነት አውቶቡሱን የነዳችው እሷ ስለሆነች እስካሁን ሚስ ዋኒታ ነው የሚላት።

"አንተን ላሳፍር ነው የመጣሁት። ቦታህ ከኋላ ነው፤ አፍህን ዘግተህ ተቀመጥ።"

"ሬዲዮውን ክፈቺልን እንጂ!"

"የምትወደውን ንገረኝና እከፍትልሃለሁ፤ ስትሸነፍ ታዳምጠዋለህ።"

ያን ቀን የተሸነፈችው እሷ ናት፤ ቀይ መብራት በርቶባት፣ ከመነሻው ቀድማ ወጥታ። ቨርሊን ግን የሰዓቱን ወረቀት አስነብቦ፣ ቁጥሩ ካለው በአንድ መቶኛ ብቻ እንደተሳሳተ ሲሰማ፣ "ጎማዎቹን ትንሽ አስተንፍሺላት" አለ። ዋኒታ ይህን ስትነግረኝ ስለ ሽንፈቷ አላነሳችም። ሁለት ዓመት ስለ ምንም ነገር ይህን አድርጊ ብሏት አያውቅም ነበር።

አንድ ነገር ብቻ በመሃላቸው ገባ። ኮርቬቷ ሰሌዳዋ ላይ የውጭውን ሙቀት በፋራናይት የምታሳይ ትንሽ ቁጥር አላት። በሰኔ አንድ ቅዳሜ ቨርሊን ክንዱን ዘርግቶ ቆሞ ሳለ ዋኒታ ሳታስበው፣ "ሰማንያ አራት ይላል" አለችው።

ቨርሊን እጁን አወረደ። "ታዲያ እሱን አትጠይቂውም? እኔን ለምን ጎትተሽ አመጣሽኝ?"

ያን ቀን ቁጥሩን ነገራት እንጂ ሌላ ቃል አልተነፈሰም። በሚቀጥለው ሳምንት ሳይ ዋኒታ ያቺን ትንሽ ቁጥር በቁስል ፕላስተር ሸፍናታለች፤ ከአውቶቡሱ የመድኃኒት ሳጥን ያወጣችው ይመስለኛል፣ የልጆች ሥዕል ያለበት ነው። እሱ አያየውም። የሸፈነችው ለራሷ ነው፤ ካየችው ከአፏ እንዳይወጣ።

በሐምሌ ቨርሊን ሳትጠራው ቀድሞ መኪናው ውስጥ መቀመጥ ጀመረ። እሷ ስትነዳ እሱ አጠገቤ፣ የአጥሩን ብረት ይዞ ይቆማል። መኪናዋ ጫፍ ስትደርስ፣ ክሌተስ ከመናገሩ በፊት፣ "ሃምሳ ስድስት" ይለኛል። ወይ ሃምሳ ስድስት ነው፣ ወይ ሃምሳ ሰባት። ፀሐይ ፊቱን መልሳ አቀላችው። ከሰዎች ጋር መጨቃጨቅም ጀመረ፤ ያ ለእኔ ከቀለሙ ይልቅ የጤንነቱ ምልክት ነበር።

እንዲህ እያሉ የመስከረም መጨረሻ ቅዳሜ ደረሰ። ሠላሳ ሁለት መኪና ተመዝግቦ ነበር። ቀኑ ሞቃት ነው፤ አጨዳ ስለተጀመረ አቧራው ከማሳው ላይ ይነሳል። ዋኒታ የመጀመሪያውን ዙር አሸነፈች፤ ሁለተኛውን አሸነፈች፤ በሦስተኛው የተጋጠማት ሰው ቀይ መብራት አበራ። በአራተኛው፣ ፀሐይ ስታዘቅዝቅ፣ ቨርሊን ክንዱን ዘርግቶ "አስራ ሁለት ከሃምሳ ሁለት" አላት፤ በአስራ ሁለት ከሃምሳ ሦስት ገባች። ከዚህ በኋላ የቀረው የመጨረሻው ዙር ነው። ከወዲያኛው ወገን የደረሰው ዌንደል ፕሩት ሆነ፤ በዚያው በቀይ ፒክአፑ።

ቨርሊን ሠላሳ ዓመት የጠበቀው ቦታ ላይ ሚስቱ ደረሰች። ሲነሳ መንገድ የሚዳስስበትን ዱላ ወንበር ላይ ረስቶት እንደሄደ አይቻለሁ።

ለመጨረሻው ዙር ልናሰልፋቸው ስንል በሌላ ምድብ የሚወዳደር አንድ መኪና ሞተሩ ፈንድቶ አስፋልቱ ላይ ዘይት አፈሰሰ። ለማጽዳት አርባ ደቂቃ ፈጀብን። በዚያ መሃል ነፋሱ ዞረ። ቀኑን ሙሉ ከደቡብ ሲነፍስ የነበረው ከሰሜን፣ በታጨደው ማሳ ላይ መጣ፤ ደረቅና ቀዝቃዛ። ዋኒታ የቨርሊን ከንፈር ሲጠቁር አየችና ከመኪናው ኋላ ያን ቢጫ የክረምት ጃኬቷን አወጣች፤ አውቶቡስ ነጂዎች የሚለብሱትን፣ ውስጡ እንደ ብርድ ልብስ የሆነውን።

"ልበስ።"

"አልበረደኝም።"

"ሐኪሙ ስለ እግርህ ምን አለህ? ልበስና መኪናው ውስጥ ተቀመጥ።"

ለበሰ። ዚፑን እስከ አገጩ ዘጋችለት። መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀ፤ እግሩም ደክሞት ነበር። ጽዳቱ ሲያልቅ ክሌተስ በማጉያው፣ "ስታግስና ፕሩት፣ ባካችሁ፣ ሳይጨልም!" እያለ ይጮህ ጀመር። ቨርሊን መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ከነእጅጌው አንድ እጁን አወጣ። ትንሽ አወዛወዘው።

"አርባ ዘጠኝ" አላት።

ከዚያ ወርዶ በለመደው ቦታ፣ አጠገቤ መጥቶ የአጥሩን ብረት ያዘ። ዋኒታ መኪናዋን እኔ ድረስ አስጠግታ ቆመች። መስታወቱ ላይ የቀድሞውን ሃምሳ ሁለት በጨርቅ አጥፍታዋለች፤ አዲሱን ገና አልጻፈችም። የጫማ ቀለሙን ጠርሙስ ይዛ ተቀምጣለች። አየኋት፤ ከብርዱ ትከሻዋን ሰብስባለች። እጇን ሰደደችና ፕላስተሩን ከሰሌዳው ላይ ላጠችው። በተከፈተው መስኮት ቁጥሩን እኔም አየሁት። ስድሳ አንድ ይላል። በአራተኛው ዙር ሰባ ሁለት ገደማ ነበር።

አስራ አንድ ዲግሪ የወረደ፣ አየሩም የደረቀ። በዚህ አየር ያቺ መኪና በአርባ ዘጠኝ አትመጣም። እኔ እንኳ፣ ነድቼ የማላውቅ ሰው፣ አርባ ሁለት አርባ ሦስት እንደሆነ ገብቶኛል። ዋኒታ ቀና ብላ አየችኝ፤ ቀጥሎ ከጎኔ የቆመውን ቨርሊንን አየችው። ቢጫውን ጃኬት እስከ አገጩ ተዘግቶበት፣ ፊቱን ወደ ጎዳናው አዙሮ ቆሟል። አንድ ቃል ብናገር ይሰማል። እሷ ብትናገርም ይሰማል። እኔ ደግሞ በአርባ አንድ ዓመት ለማንም ቁጥር ነግሬ አላውቅም፤ ሥራዬም አይደለም።

ዌንደል ከፒክአፑ መስኮት አንገቱን አወጣ። "ሚስ ዋኒታ፣ ማሞቂያሽን ክፈቺ፣ እንዳይበርድሽ!"

"ከፍቼዋለሁ። ወንበሩም ይሞቃል። አንተ የአሳማህን ሽታ ነው አሙቀህ የመጣኸው?"

አፏ ይቀልዳል፤ እጇ ግን አልተንቀሳቀሰም።

"ዋኒታ፣ ጻፊ!" አለ ክሌተስ።

ወረደች። መስታወቱ ላይ 12.49 ብላ ጻፈች፤ ቀጥ አድርጋ፣ ለአውቶቡስ ልጆች ስም እንደምትጽፍ። ተመልሳ ገባች፣ ቀበቶዋን አሰረች። ቁጥሩን ወረቀቴ ላይ ሞልቼ እጄን አነሳሁና ለቀቅኋቸው።

ክሌተስ አነበበ። "በግራ ፕሩት፣ አስራ ሦስት ከዘጠና። በቀኝ ስታግስ፣ አስራ ሁለት ከአርባ ዘጠኝ።" ቨርሊን ቁጥሩን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ።

የመነሻው መብራት ከላይ ወደ ታች እየበራ ወረደ። ዌንደል ወጣ። ያ ፒክአፕ ሲነሳ ሁሌም እንደሚያስነጥስ ነው። ዋኒታ ጠበቀች፤ አንድ ሰከንድ ተኩል የማይሞላ ነገር ነው፣ ግን ቆሞ ለሚያይ ሰው ረጅም ነው። ከዚያ ኮርቬቷ አንዴ ወደ መሬት ሸብረክ አለችና ሄደች። ያቺን ሞተር ወድጄአታለሁ፤ አትጮህም፣ ታጉረመርማለች። አንደኛ ማርሽ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። የኋላ መብራቶቿ የዌንደልን መብራቶች እየተከተሉ፣ እየተጠጉ ሄዱ። ትይዘዋለች ስል፣ ጫፍ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀር፣ የሞተሩ ድምፅ ወረደ። እንደገና ተነሳ። ከዚያ ሁለቱም ገቡ።

ያሸናፊው መብራት የበራው በግራ ነው።

"ፕሩት! አስራ ሦስት ከዘጠና አንድ! ስታግስ አስራ ሁለት ከሃምሳ ሁለት!" አለ ክሌተስ። አንድ እርምጃ ነው የቀደማት።

ሰው ይጮኻል። ቨርሊን የአጥሩን ብረት እንደያዘ ነው።

"አነሳች" አለኝ።

ወረቀቴን አጠፍኩ።

"ሆባርት፣ እግሯን አነሳች። አልሰማህም?"

"ሰምቻለሁ።"

"ከቁጥሯ በታች ካልሆነች ለምን ታነሳለች?"

ይህን ለራሱ ነው የጠየቀው። ከዚያ የጃኬቱን ዚፕ ከአገጩ እስከ ታች ከፈተ፤ ጃኬቱን አውልቆ እግሩ ሥር ጣለው። የሸሚዙን እጅጌ ጠቀለለ፤ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን። ሁለት ክንዱን ወደ ላይ ዘረጋ። የክንዱ ጸጉር ሲቆም አየሁት። ሰው ሁሉ ወደ ዌንደል ይሮጣል፤ እሱ እንዲያ ቆመ።

"አርባ ሁለት" አለ ቀስ ብሎ።

ዋኒታ በመመለሻው መንገድ ቀስ ብላ መጣች። መኪናዋን አቁማ ወረደችና ከፊቱ ቆመች። እጅጌው ገና እንደተጠቀለለ ነው፤ ጃኬቱ መሬት ላይ ነው። ስታየው ሁሉም ነገር ገባት።

"አርባ ሁለት ነበር" አላት።

"ነበር።"

"ታውቂ ነበር።"

"አውቅ ነበር።"

"አውቀሽ አርባ ዘጠኝ ጻፍሽ።"

"ከአፍህ የወጣውን ነው የጻፍኩት። እንዲያ ነው ያልከኝ።"

አሁን ቤቴ ውሰጂኝ ይላታል፣ መስኮቱም ይዘጋል፣ አለቀ አልኩ በሆዴ። ዋኒታም እንደዚያው ያሰበች ይመስለኛል፤ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ እንደዚያ እንደ በረዶው ቀን።

"ይሄን ጃኬት ማን አለበሰኝ?" አለ ቨርሊን።

"እኔ።"

"እንግዲያው ግማሹ ጥፋት ያንቺ ነው።"

"ይሁን።"

"ደግሞም ቀድመሽ አነሳሽ። ሰባት መቶኛ መጣል ሲበቃሽ አስር ጣልሽ። ይሄን ሁሉ ዓመት ከጎኔ ቆመሽ እግር የት እንደሚነሳ አታውቂም?"

"ከማን ልማር?" አለች ዋኒታ። "አንተ መቼ አንስተህ ታውቃለህ?"

ዌንደል እጇን ሊጨብጥ መጥቶ ከኋላዋ ቆሞ ነበር። ሳቁ አመለጠው። እኔም ሳቅሁ፤ በዕድሜዬ አያምርብኝም፣ ግን ሳቅሁ። ቨርሊን ፊቱን ወደኛ አዞረ፤ ሊቆጣ ነው ስንል ከንፈሩ ተንቀጠቀጠና እሱም ሳቀ። "እሱስ እውነቷን ነው" አለ። "ከኔ አልተማረችም።"

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እኔ አልሰማም ብሎ ይመስለኛል፣ "ሠላሳ ዓመት የጠበቅሁትን ዋንጫ ለኔ ቁጥር ብለሽ ጣልሽው" አላት።

"ዋንጫውን አልነበረም የምፈልገው" አለች ዋኒታ። "ልብስህን ልበስ፣ ይበርድሃል።"

"አልለብስም። እሱ ነው ያጠፋኝ።"

ደግፋው ወደ መኪናው ሄዱ። ጃኬቱን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

በሚቀጥለው አርብ፣ ለልምምድ በሩ በሚከፈትበት ቀን፣ ቨርሊን መጥቶ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ጫፉ አጠገብ፣ ከአጥሩ ውጭ፣ የምቆምበት ቦታ ስጠኝ አለ። ወንበር አስቀመጥኩለት። ዋኒታ ሮጣ ስትመጣ ድምፁን ያዳምጣል፤ ስትመለስ፣ "ገና ነሽ፣ አንድ የመብራት ምሰሶ እለፊ" ይላታል። ደግሞ ትሄዳለች። "አሁን አለፍሽው! ምሰሶው እኮ የትም አልሄደም!" ደግሞ ትሄዳለች። በዓይኑ አይቶት የማያውቀውን፣ በእግሩም ሠርቶት የማያውቀውን ነገር በጆሮው ያስተምራታል። ዘጠኝ ጊዜ አስሮጣት። በአስረኛው፣ "እንዲያ!" ብሎ ወንበሩን በመዳፉ መታው፤ እኔ መነሻው ጋ ሆኜ ሰማሁት።

የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር በጥቅምት ነበር። ቀኑ ግራ የሚያጋባ ነው፤ ፀሐይ ትወጣለች፣ ደመና ይሸፍናታል፣ ነፋሱ አንድ ቦታ አይቆምም። የዋኒታ ተራ ደርሶ መኪናዋን እኔ ድረስ አስጠጋች። ቨርሊን ገና ከጎኗ ተቀምጧል። ያ ቢጫ ጃኬት የለም፤ ክንዱ እስከ ብብቱ ድረስ ራቁቱን በመስኮት ወጥቷል፣ ብርዱ አቅልቶታል። ሰሌዳው ላይ ፕላስተር የለም።

"ምን ይላል?" አላት ቨርሊን።

"ሃምሳ አምስት።"

"ሃምሳ አምስት አይደለም። ሃምሳ ሦስት ነው።"

"ሃምሳ አምስት ነው የሚለው፣ ቨርሊን።"

"ፀሐይ ላይ ቆሞ ነው የሚያነበው፣ ሞኝ ነው። አንቺስ? ያለ ሰሌዳሽ፣ በገላሽ ብቻ፣ በስንት እገባለሁ ትያለሽ?"

"አርባ አንድ።"

"ሠላሳ ዘጠኝ።"

"ደመናው ሊያልፍ ነው እኮ!"

"እስኪያልፍ አንጠብቅማ፤ ሠላሳ ዘጠኝ ጻፊ።"

"አርባ።"

"አርባ ብለሽ፣ ካስፈለገሽ እግርሽን ታነሻለሽ። የት?"

"ሁለተኛው ምሰሶ ጋ።"

"ሁለተኛውን አልፈሽ!"

ከኋላቸው አስራ አንድ መኪና ቆሟል። ሁለቱ ጥሩምባ ነፉ። ክሌተስ በማጉያው፣ "ሆባርት፣ እነዚያ ሰዎች ምንድን ነው የሚጠብቁት?" አለኝ።

በአርባ አንድ ዓመት ሰልፌን ያስቆመብኝ ሰው የለም፤ የጎዳናው ባለቤት ልጅ እንኳ አላስቆመኝም። ወደ ማማው እጄን አነሳሁ፤ መዳፌን ዘርግቼ። ይጠብቁ አልኩ። ዋኒታ የጫማ ቀለሙን ይዛ ከመኪናው ወረደች።